የተደበቀ ቁልፍ የተቆለፈ በር አይደለም

መቼም ጋዜጠኝነት የሚማር ሰው ስለ ድረ ገጽ ቁልፍ ሲጽፍ «ይሄ የኮምፒዩተር ልጆች ሥራ አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እኔም እስከ ባለፈው ክረምት ድረስ እንደዚያው ነበር የማስበው። ሐሳቤን ያስቀየረኝ የፍየል ዋጋ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክረምቱን ያሳለፍኩት ቤተሰቦቼ ጋ፣ ሐራ ነበር። ሐራን ለማታውቁ፣ ከወልድያ ወደ ጭፍራና ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል የተዘረጋው የባቡር ሐዲድም የሚጠራው «ሐራ ገበያ» በሚለው ስሟ ነው። ስሟ እንደሚለው ገበያ ናት። ከደጋ እህል ይወርዳል፣ ከአፋር በኩል ፍየልና ግመል ይመጣል። አጎቴ እዚያው ፍየል እየገዛ ወልድያ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። እኔ ደግሞ ለልምምድ ብዬ ስሙን ለማልጠቅሰው አንድ ድረ ገጽ በነፃ እጽፍ ነበር። እናም ስለ ፍየል ዋጋ መወደድ አንድ አጭር ዘገባ ሠራሁ፤ አጎቴንም አናገርኩት። «በ4,200 ገዝቼ፣ ወልድያ በ4,800 እሸጣለሁ፤ ማጓጓዣውና ቀረጡ ሲቀነስ የሚተርፈኝ ይሄን ያህል አይደለም» አለኝ። እኔ እንዴት እንደጻፍኩት ታውቃላችሁ? 8,400 ብዬ። ሁለቱ ቁጥሮች ቦታ ተቀያየሩብኝ። አርታኢውም አላየውም፤ እንዳለ ወጣ።

የገበያው ዕለት ማታ አጎቴ ወደ ቤት መጣ። ጽሑፉን እሱ አላነበበውም፤ ያነበበለት አንድ ስልክ የያዘ ልጅ ነው። ልጁ ለአንዱ ነገረው፣ አንዱ ለሌላው፣ ገበያው ከመድመቁ በፊት ወሬው ተዳርሷል። ለዓመታት ፍየል ያመጡለት የነበሩ ሰዎች «ከእኛ በ4,200 ወስደህ በእጥፍ ነው የምትሸጠው?» ብለው ለሌላ ነጋዴ ሸጡ። አጎቴ አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «የጻፍሽው አንቺ ነሽ፤ እንግዲያው አንቺው አስተካክይው» ብቻ አለኝ።

እኔም «አብሽሩ፣ አሁኑኑ» ብዬ ስልኬን ከፈትኩ። ሎግ ኢን አደረግኩ። የጽሑፌ ርዕስ አለ፤ ስሜም ከሥሩ አለ። «አስተካክል» የሚለው ቁልፍ ግን የለም! ጽሑፉን ስልክ በነበረበት ጊዜ፣ ማለትም ሳይታተም፣ ቁልፉ እዚያው እንደነበር እርግጠኛ ነኝ። ስልኬ ነው ብዬ አጠፋሁና አበራሁት። በማግስቱ ወልድያ ሄጄ ኢንተርኔት ቤት ገባሁ፤ እዚያም የለም። ፓስወርድ ቀየርኩ፤ የለም። ሁለት ቀን ሙሉ ያበላሸሁት ነገር አለ ብዬ ራሴን ስወቅስ ቆይቼ አንድ አራተኛ ዓመት ተማሪ ስደውልላት ሳቀች። «ቁልፉ አለ፤ ለአንቺ ነው የማይታየው» አለችኝ። «አንቺ ኮንትሪቢዩተር ነሽ።»

ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከዚያች ዓረፍተ ነገር ነው።

ሚና ማለት ምን ማለት ነው?

ድረ ገጹ የሚሠራው በዎርድፕሬስ ነበር። ዎርድፕሬስ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ድረ ገጾች የሚሠሩበት ሶፍትዌር ሲሆን፣ ከእ.ኤ.አ. 2005 መጨረሻ ጀምሮ ተጠቃሚዎቹን በሚና ይከፋፍላል። ከታች ሰብስክራይበር አለ፤ እሱ ማንበብና የራሱን አካውንት ማስተካከል ብቻ ነው የሚችለው። ቀጥሎ እንደ እኔ ያለው ኮንትሪቢዩተር ይመጣል፤ መጻፍ ይችላል፣ ማተም ግን አይችልም። «አትም» የሚለው ቁልፍ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ለእሱ የሚታየው «ለግምገማ አቅርብ» የሚል ነው። ፎቶ መጫኛም የለውም። ጽሑፉ አንዴ ከታተመ ደግሞ የራሱም ቢሆን ሊነካው አይችልም። ከእሱ በላይ ያለው ኦውተር የራሱን ያትማል፤ ኤዲተሩ የሌላውንም ያስተካክላል፤ አድሚኑ ሁሉንም ያደርጋል። ሁሉም የሚገቡት በአንድ በር ነው፤ ከገቡ በኋላ የሚያዩት ግን የተለያየ ቤት ነው።

እውነቱን ለመናገር አሠራሩ በራሱ መጥፎ አይደለም። እንዲያውም የዜና ክፍልን ሥርዓት ወደ ኮምፒዩተር ማምጣት ነው። ሪፖርተር ይጽፋል፣ አርታኢ ያርማል፣ ዋና አዘጋጅ ያጸድቃል ብለው መምህራኖቻችን ያስተምሩን የለ! ከዚያም ሌላ፣ ለማይመለከተው ሰው ሁሉን ቁልፍ ደርድሮ ማሳየት ማደናገር ነው። ዜና ልትጽፍ ለገባች ልጅ የሰርቨሩን ቅንብር ብታሳያት ምን ይረባታል? በስህተት ነክታው ብታበላሸው እንጂ። ውጤት መሙያው ለመምህሩ ይታያል፣ ተማሪው የሚያየው ውጤቱን ብቻ ነው፤ በዚህ ቅር የሚለው ጤነኛ ተማሪ ያለ አይመስለኝም።

እኔ የምከራከረው በሁለት ነገር ላይ ነው። አንደኛው መደበቅን መቆለፍ አድርጎ መቁጠር ነው። ሁለተኛው ከማይመለከተን ነገር ጋር የሚመለከተንንም አብሮ መደበቅ ነው።

መደበቅ መቆለፍ አይደለም

በአማርኛ «ቁልፍ» ስንል የበሩንም ማለታችን ነው፣ ስክሪን ላይ የምንነካውንም ማለታችን ነው። ችግሩ ብዙ ድረ ገጽ የሚሠሩ ሰዎችም ሁለቱን የሚያምታቱ መሆናቸው ነው። ስክሪኑ ላይ ያለውን ሲያነሱት በሩም የተዘጋ ይመስላቸዋል።

ድረ ገጽ ስንከፍት ገጹ ወደ እኛ ኮምፒዩተር መጥቶ ነው የሚታየው። እኛ ጋ የመጣን ነገር ደግሞ እኛ ልናገላብጠው እንችላለን። በኮምፒዩተር ላይ ‹ኤፍ 12›ን የነካ ማንኛውም ሰው የገጹን ሆድ ዕቃ ያያል፤ «ይሄን ቁልፍ አታሳይ» የሚል ትእዛዝ ብቻ ከሆነ ያለው፣ ትእዛዙን ሰርዞ ቁልፉን ብቅ ማድረግ የደቂቃ ሥራ ነው። ቁልፉ ጭራሽ ባይላክለት እንኳ ቁልፉ የሚልከውን መልእክት ራሱ ጽፎ ወደ ሰርቨሩ መላክ ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው «ቁልፉ ይታያል ወይ?» መሆን የለበትም። መልእክቱ ሰርቨሩ ጋ ሲደርስ «አንተ ማነህ? ይሄን ለማድረግስ ተፈቅዶልሃል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ዘበኛ አለ ወይ? ነው።

ይሄ የሚያስፈራራ ወሬ አይደለም፤ እዚያው ዎርድፕሬስ ላይ ደርሷል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2016 በወጣው 4.7 በተባለው ቅጂ ላይ ከውጭ በፕሮግራም ጽሑፍ ለማስተካከል የሚያስችል አዲስ መንገድ ተከፈተ። መንገዱም ዘበኛ ነበረው። ነገር ግን የጽሑፉ መለያ ቁጥር ላይ ፊደል ጨምሮ ለሚልክ ሰው ዘበኛው ይሸወድ ነበር። በእኛ ሰፈር አነጋገር ልግለጸው። አንድ ሰው መጥቶ «ቤት ቁጥር 12ሀ ልገባ ነው» ይላል። ዘበኛው መዝገቡን ያይና «12ሀ የሚባል ቤት የለም፤ እንግዲያው የምጠብቀው ነገር የለም፣ እለፍ» ይላል። ውስጥ ያለው ሠራተኛ ደግሞ «ሀ»ን ትቶ 12ን ብቻ ያነብና ቤቱን ይከፍትለታል። በቃ ይሄው ነው። ማስተካከያው እ.ኤ.አ. ጥር 2017 መጨረሻ ላይ ወጣ፤ ያልጫኑት ግን ብዙ ነበሩ፤ ጉዳዩ ይፋ ከሆነ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ገጾች በማያውቋቸው ሰዎች ተለወጡ። ልብ በሉ፤ ለእነዚያ ሰዎች «አስተካክል» የሚል ቁልፍ አልታየላቸውም። አካውንት እንኳ አልነበራቸውም። እኔ የገዛ ጽሑፌ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ፈልጌ ያጣሁትን ነገር እነሱ ሳያዩት ተጠቀሙበት።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ደግሞ መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነውን ተማሪ ሆኖ የሚረሳ የለም። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች በሂሳባቸው ከሌለው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው ሌሊቱን በየዩኒቨርሲቲው ዶርም ተዳረሰ፤ ኤቲኤሞቹ ጋ ሰልፍ ሆነ። ብሔራዊ ባንክ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ገለጸ። ባንኩ ያለአግባብ የወጣው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን ተናገረ፤ ያልመለሱትንም ሰዎች ስምና ፎቶ ይፋ አደረገ። እዚህ ላይ «ገንዘብ አውጣ» የሚለው ቁልፍ ለሁሉም መታየቱ ችግር አልነበረም፤ መታየት አለበት። የጠፋው ከቁልፉ ጀርባ ሆኖ «ይሄን ያህል አለህ ወይ?» የሚለው ጠያቂ ነው። ጠያቂው ለጥቂት ሰዓታት ዝም ሲል ስንት ተማሪ በአንድ ሌሊት ባለዕዳ እንደሆነ እናውቃለን። ገንዘቡን ማንሳታቸው ልክ ነበር እያልኩ አይደለም። ግን ዘበኛ የሌለበት በር ጥፋትን ቀላል ያደርጋል።

ኦዋስፕ የተባለው የድረ ገጽ ደኅንነት ላይ የሚሠራ ዓለም አቀፍ ድርጅት በየጊዜው ዐሥር ዋና ዋና አደጋዎችን ይዘረዝራል። ማን ምን ማድረግ ይችላል የሚለውን በትክክል አለመቆጣጠር እ.ኤ.አ. በ2017 ዝርዝር አምስተኛ ነበር፤ በ2021 አንደኛ ሆኗል። እንግዲህ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው።

መብትን መደበቅ

ሁለተኛው ነገር ለእኛ ለጋዜጠኞች ይበልጥ ቅርብ ነው።

እኔ ኮንትሪቢዩተር ስለሆንኩ የታተመ ጽሑፍ እንዳልነካ መከልከሌ ልክ ነው ወይስ ስህተት? ብዙ አስቤበት ልክ ነው ብያለሁ። እንደኔ ያለ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ የታተመን ዜና በፈለገ ሰዓት እየገባ ቢለውጥ፣ ዛሬ 4,800 ያለውን ነገ ሌላ ቢያደርገው፣ አንባቢ ምኑን ያምናል? ክልከላው ትክክል ነው። ስህተቱ ክልከላው ዝም ማለቱ ነው። ቁልፉን አንስቶ ባዶ ቦታ ተወልኝ። ባዶ ቦታ ደግሞ ምንም አይናገርም። «አይፈቀድልሽም» አላለኝም፤ «የሚፈቅደው እገሌ ነው» አላለኝም። እኔ የመሰለኝ ስልኬ የተበላሸ ነው።

አንድ ቀበሌ ሄዳችሁ ጸሐፊዋ «መስኮት 3 ዛሬ አይሠራም፣ ኃላፊው ሥልጠና ላይ ናቸው፣ ሰኞ ኑ» ብትላችሁ ትበሳጫላችሁ፣ ግን ሰኞ ትመጣላችሁ። መስኮት 3ን በግንብ ደፍነው ቀለም ቢቀቡትስ? መስኮት 3 የሚባል ነገር መኖሩንም አታውቁም። የማታውቁትን መብት ደግሞ አትጠይቁም። ለዚህ ነው ቁልፍ መደበቅ የሶፍትዌር ጉዳይ ብቻ አይደለም የምለው።

የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000ን በክፍል ውስጥ ስንማር ብዙዎቻችን የያዝነው ሰው ሁሉ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት አለው የሚለውን ነው። እኔ አሁን የማነሳው ግን ሌላውን ጎኑን ነው፤ መሥሪያ ቤቱ መረጃውን ሲከለክል ምክንያቱን መናገር አለበት፤ የተከለከለውም ሰው እስከ እንባ ጠባቂ ተቋም ድረስ አቤት ማለት ይችላል። ሕጉ «አትከልክሉ» አላለም። «ስትከለክሉ በዝምታ አትከልክሉ» ነው ያለው። ድረ ገጾቻችንስ ለምን ከዚህ ያነሰ ያድርጉ?

የሚያደርግ እንዳለም ላሳያችሁ። ዊኪፔዲያን ሁላችንም እንከፍታለን፤ መምህራን ምንጭ አድርገን እንዳንጠቅሰው ቢነግሩንም ማለቴ ነው! እዚያም ሚና አለ። ገጽ ማጥፋት፣ ገጽ መጠበቅ፣ ተጠቃሚ ማገድ የሚሉት ቁልፎች የሚታዩት ለመጋቢዎች ብቻ ነው። ሆኖም አንድ ገጽ ለእኔ ተዘግቶ ከሆነ «አስተካክል» የሚለው ጠፍቶ አይቀርም፤ በቦታው ምንጩን ተመልከቺ የሚል ይመጣል። ስነካው ገጹ መጠበቁንና ለማን ክፍት እንደሆነ ይነግረኛል። በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያማ የማስተካከያ ጥያቄ ማቅረቢያ ቁልፍ እዚያው ላይ አለ። ከዚህም ሌላ የገጹ ታሪክ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ማን መቼ ምን እንደለወጠ ማንም ያያል። የዓለም ሕዝብ በነፃ የሚጽፍበት ቦታ ይሄን ካደረገ እኛ ምን ያቅተናል?

ታዲያ ምን ይደረግ?

ይሄን የማነሳው እንዲያው ለወሬ አይደለም። ይህ ቡሌቲን ከወረቀት ወደ ድረ ገጽ ይሻገር የሚል ሐሳብ በመካከላችን ሲነሳ ከርሟል። እኔም እደግፈዋለሁ። ያኔ ማን ምን ቁልፍ ይታየው የሚለውን የሚወስን ሰው ይኖራል፤ ያ ሰው ከመወሰኑ በፊት ይሄን ቢያስብ እላለሁ።

አንደኛ፣ የማይመለከተንን ደብቁልን። የሰርቨር ቅንብር፣ የሌላ ሰው ያልታተመ ጽሑፍ፣ የተማሪዎች ስልክ ቁጥር ዝርዝር አናይም፤ ደስ ይለናል። ሁለተኛ፣ የሚመለከተን ግን ያልተፈቀደልን ነገር ካለ አትደብቁት፤ አደብዝዛችሁ ተዉትና «ጽሑፉ ታትሟል፤ ለማስተካከል አርታኢውን ጠይቁ» በሉን። አንድ መስመር ነው፤ ለእኔ ሁለት ቀን ያተርፍልኝ ነበር። ሦስተኛ፣ በሩን ከጀርባ ቆልፉት። መቆለፉንም ለማረጋገጥ ዝቅተኛ ሚና ያለው ተማሪ ተቀምጦ ይሞክረው፤ አድሚኑ ራሱ ቢሞክረውማ ሁሉም በር ይከፈትለታል። አራተኛና ዋናው፣ «ስህተት አለ» የሚል ቁልፍ ለሁሉም ይታይ። ለኮንትሪቢዩተሩም፣ አካውንት ለሌለው አንባቢም። ከሥሩም የስልክ ቁጥር ይኑረው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር አንርሳ፤ ያኔ ለብዙ ሰው የቀረው ስልክ መደወል ነበር።

«ይሄ ሁሉ ለአንድ ተማሪ ቡሌቲን?» የሚል ይኖራል። «ስህተት አለ» የሚል ቁልፍ ካኖርን ነገር ፈላጊው ሁሉ ይጫነዋል፣ አርታኢው መቼ ሥራ ይሠራል የሚልም ይኖራል። ይሄኛው እውነት አለው። ግን የሚጫነው ሰው የሚያደርገው መጠየቅ ነው፤ የሚለውጠው አርታኢው ነው። ዐሥር የማይረባ ጥያቄ አንብቦ አንድ እውነተኛ ስህተት ማግኘት ደግሞ የአርታኢ ሥራ እኮ ነው።

ስለ አጎቴ ልጨርስ። ቁጥሩ በስድስተኛው ቀን ተስተካከለ። አርታኢውን በሰው በሰው አፈላልጌ በስልክ አገኘሁት፤ «ውይ» አለና ወዲያው ቀየረው። 8,400 ጠፍቶ 4,800 ተተካ። «ቀደም ሲል የወጣው ቁጥር ስህተት ነበር» የሚል አንድ ቃል ግን አልተጻፈም። ስለዚህ ያነበቡት ሰዎች የሚያውቁት የመጀመሪያውን ነው፤ አዲሶቹ አንባቢዎች ደግሞ ስህተት እንደነበር አያውቁም። ስህተቱም እርማቱም ተደበቀ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የኔ ስህተት ድረ ገጹ ላይ ያልተሠራ ያህል ሆነ፣ ገበያው ላይ ግን እንዳለ ቆሞ ቀረ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከአጎቴ ጋር ወጣሁ። ፍየል ለሚያመጡት ሰዎች አንድ በአንድ «ቁጥሩን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ «ወላሂ?» ብሎ አጎቴን አየው። አንድ ሽማግሌ ግን ስልኩን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝና «እንግዲያው እዚህ ላይ አሳይኝ፤ ተሳስቼ ነበር ያልሽበትን» አሉኝ።

የማሳያቸው ነገር አልነበረኝም።